የባሩድ መስፈሪያ ከነእምቡቶው፦ የቱን ልግዛ? ሚዛኑስ ለምን አልተስማማም?

ጠያቂያችን የሚኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ ነው። በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ዕጣ ወጥቶለታል። ባለ 50 ካሊበር፣ መዶሻው በጎን የሆነ፣ በካፕ (መዶሻው ሲመታት ባሩዱን በምታቀጣጥል ትንሽ ቆብ) የሚተኩስ ጠመንጃም ገዝቷል። የጻፈው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት የባሩድ መስፈሪያ አየሁ። አንዱ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ነው። ሌላው የናስ ሆኖ አናቱ ላይ የሚዞር እምቡቶ አለው፣ ዋጋውም እጥፍ ነው። የቱን ልያዝ? ሌላው፣ የጓደኛዬን መስፈሪያ ተውሼ 100 ላይ አድርጌ ፓይሮዴክስ ሰፈርኩና ሚዛን ላይ ባስቀምጠው 72 ግሬን አለኝ። የተበላሸው ሚዛኑ ነው ወይስ መስፈሪያው? ደግሞስ ጊዜ ለመቆጠብ ባሩዱ ከሚያዝበት ቀንድ በቀጥታ አፈሙዙ ውስጥ ባፈሰው ምን አለበት?»

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንባችሁ አንባቢዎች፦ ይህ ጠመንጃ ቀለህ ያለው ጥይት አይጎርስም። መጀመሪያ ባሩዱ፣ ከዚያ አረሩ በአፈሙዙ ይገባና በዘንግ እስከ ታች ይጠቀጠቃል። የአጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልም አጎራረሱ በዚሁ መንገድ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ግዛቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ጠመንጃ ለብቻው የአደን ወቅት ስለሚሰጡ የእኛም ልጆች እየገቡበት ነው።

ወንድሜ፣ የሚዛኑን ጥያቄ ላስቀድም። መስፈሪያ መምረጥ የዋጋና የምቾት ጉዳይ ነው፤ ይኸኛው ግን ከተሳሳትክበት ጣት ወይም ዓይን ያስከፍላል። ሚዛንህም መስፈሪያህም ደህና ናቸው። መስፈሪያው ላይ የተቀረጸው 100 የምትሰፍረው ነገር ክብደት አይደለም። «100 ግሬን ጥቁር ባሩድ የሚይዘው ቦታ ይህን ያህላል» ነው የሚልህ። ግሬን ራሱ የክብደት መለኪያ ነው፤ 7,000 ግሬን አንድ ፓውንድ ይሆናል። ጥቁር ባሩድ ግን ሜዳ ላይ ሁልጊዜም በመስፈሪያ ነው የሚጎርሰው። ስለዚህ አምራቾቹ የቦታውን መጠን በዚያው በባሩዱ ክብደት ጠሩት።

ፓይሮዴክስ የጥቁር ባሩድ ምትክ ነው። የቀመሙት ሰዎች አዳኙ የለመደውን መስፈሪያ እንዳይጥል ብለው፣ በተመሳሳይ ቦታ ተመሳሳይ ጉልበት እንዲሰጥ አድርገው ነው ያዘጋጁት። በክብደት ግን ከጥቁር ባሩድ 30 በመቶ ገደማ ይቀላል። እና 72 ያልከው ቁጥር ትክክል ነው፤ እንዲያውም ሌላ ቁጥር ቢመጣ ነበር የምጠረጥረው።

አደጋው በተገላቢጦሹ ነው። ሰው የዘመኑን ጥይት ቤቱ ሲሞላ ከኖረ ሚዛን ማመን ልማዱ ይሆናል። «መስፈሪያ ግምት ነው፣ ሚዛን እውነት ነው» ብሎ 100 ግሬን ፓይሮዴክስ መዝኖ ጠመንጃው ውስጥ ያፈሳል። በመስፈሪያ ቋንቋ ወደ 140 የሚጠጋ ነገር አጎረሰ ማለት ነው። ብላክሆርን 209 የተባለው ሌላው ምትክ ባሩድ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። አምራቹ ቢበዛ በመስፈሪያ 120 ብሎ ወስኗል፣ ያም በሚዛን 84 ግሬን ብቻ ነው። 120 መዝኖ የጨመረ ሰው ከጣሪያው በ40 በመቶ አልፏል። (ለነገሩ ብላክሆርን ለአንተ ጠመንጃ አይሆንም። በደንብ የሚቀጣጠለው 209 በሚባለው ብርቱ ማቀጣጠያ በሚሠሩት ኢንላይን ጠመንጃዎች፣ ማለትም ማቀጣጠያቸው ከቧንቧው ኋላ ቀጥ ብሎ በተቀመጠው በዘመናዮቹ ነው፤ በአንተ ካፕ ወይ አይነሳም ወይ ዘግይቶ ይነሳል።) ትሪፕል ሰቨን የተባለው ምትክም በመስፈሪያ ነው የሚሰፈረው፤ ግን በእኩል መስፈሪያ ከጥቁር ባሩድ ይበረታልና የጥቁር ባሩዱን ጉልበት ብቻ ከፈለግህ 15 በመቶ ያህል መቀነስ ይኖርብሃል። ጭስ አልባው የዘመኑ ባሩድ ግን በመስፈሪያም በሚዛንም፣ በትንሹም በብዙውም፣ እንዲህ ያለ ቧንቧ ውስጥ አይገባም። ቧንቧው ይፈነዳል።

የፍሬው መጠንም መስፈሪያው ላይ ያለውን ቁጥር ትርጉም ይለውጠዋል። ባለ ሁለት ኤፍ ጥቁር ባሩድ ፍሬው ሻካራ ነው፤ ከ50 ካሊበር ጀምሮ ላለ ጠመንጃ የተለመደው እሱ ነው። ባለ ሦስት ኤፍ ደቀቅ ያለ፣ ለ45 እና ከዚያ በታች የሚመረጥ፣ ፈጥኖ የሚነድ ነው። ባለ አራት ኤፍ የዱቄት ያህል የላመ ሆኖ ለባልጩት ጠመንጃ ማቀጣጠያ ሳህን ብቻ ይሆናል። በዚያው መስፈሪያ፣ በዚያው ምልክት ከሁለት ኤፍ ወደ ሦስት ኤፍ ከዘለልክ ግፊቱ ይጨምራል፤ ልኩን ዝቅ አድርገህ ጀምር። ብራንድ ብትቀይርም እንዲሁ ነው። የስዊሱ ባሩድ ከጎኤክስ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በእኩል ቦታ ክብደቱ ከፍ ይላል። አንተ የያዝከው የጠመንጃው ፓይሮዴክስ፣ አር ኤስ የተባለው፣ ከሆነ ለ50 ካሊበር ተገቢው እሱ ነውና በእሱ ቀጥል።

አሁን ወደ ግዢው። የናሱን ያዝ። ምክንያቴ ውበት አይደለም። ናስ ከብረት ጋር ቢጋጭ ብልጭታ አይሰጥም፣ ፕላስቲኩ ደግሞ እንደ ኮሎራዶ ባለ ደረቅ አየር ፍሬዎቹን ግድግዳው ላይ ይስባቸዋል። ባሩዱን ገልብጠህ ስታየው ጥቂት ፍሬ ተለጥፎ ይቀራል፤ አንድ ጊዜ አምስት፣ ሌላ ጊዜ ሃያ ፍሬ። ጥፋቱ ትልቅ አይደለም፣ ግን መስፈሪያ የተገዛው ለአንድ ሥራ ነው፤ ሁልጊዜ እኩል እንዲሰጥ። በፕላስቲኩ ላይ የታተመው ቁጥርም በጊዜ ብዛት ይለቃል። ፕላስቲኩ የሚበልጥበት ነገር ቢኖር ባሩዱ ውስጡ መታየቱ ነው። ለጀማሪ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ቦርሳ ውስጥ በመጠባበቂያነት አንድ ብትይዝ አልቃወምም።

ሱቅ ውስጥ ናሱን ስታነሳ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ትተህ ዕቃውን በእጅህ መርምር። ዘንጉን ሳበውና ግፋው። ባለ ምልክቱ ዘንግ ቱቦው ውስጥ እንደ ወለል የሚንቀሳቀስ ክዳን ይዟል፤ ስትስበው የቱቦው ጥልቀት ይጨምራል፣ ስትገፋው ይቀንሳል። ልል ሆኖ በራሱ የሚንሸራተት ከሆነ መልስ። ዘንጉን የምታስርበት ጠመዝማዛ ቢስ አለ፤ እሱን አጥብቀህ ዘንጉን በአውራ ጣትህ ወደ ታች ተጫነው። ከተነቃነቀ፣ ሜዳ ላይ ኪስህ ውስጥ ሳታውቀው 90 የነበረው 100 ይሆናል። ምልክቶቹ የተቀረጹ ይሁኑ፤ ቀለም ብቻ ከሆኑ ይፋቃሉ። በ10 በ10 የተከፋፈለ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ በ5 በ5 ከሆነ ለሙከራ ይመቻል። ከላይ 120 ድረስ የሚሰፍር ይበቃሃል። 150 የሚደርሱት ለኢንላይን የታሰቡ ናቸው፤ ለጎን መዶሻ ጠመንጃ ያን ያህል ቦታ መኖሩ ስህተት ከመጋበዝ በቀር የሚጠቅመው የለም።

ቀጥሎ እምቡቶው። ዋጋውን እጥፍ ያደረገው እሱ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚንቀው እሱን ነው። የሚዞረው እምቡቶ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ባሩዱን ወደ አፈሙዙ መምራት ነው። ሁለተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ አፍ መጥረግ ነው፦ ሲዞር የታችኛው ጠርዙ የቱቦውን አፍ እየታከከ ያልፍና ከአፉ በላይ የተከመረውን ገፍቶ ያስወግዳል። ገበያ ላይ ክምር ያለው ቁናና አፉ የተጠረገው ቁና አንድ ዋጋ እንደማያወጡ ታውቃለህ፤ ክምር የተባለው ነገር እንደ ሰፋሪው እጅ ይለያያልና። እዚህ ሰፋሪው በብርድ እጁ የሚንቀጠቀጥ አዳኝ ነው፤ እምቡቶው ያን የእጅ ልዩነት ያጠፋል። ስለዚህ እምቡቶውን አዙረህ ግጠምና ቱቦውን ወደ መብራት አንሳ። በጠርዙና በቱቦው አፍ መካከል ብርሃን በአንድ በኩል በዝቶ ከታየ አፉን እኩል አይጠርግም። የሚዞርበት ካስማም ጠበቅ ያለ ይሁን። እምቡቶው ሲከፈትም ሲዘጋም በቦታው ቆሞ የሚቀር ነው ጥሩው፤ በራሱ እየወደቀ የሚዘጋ ከሆነ ስታፈስ ባሩዱን ይደፋብሃል።

የእምቡቶው ጫፍ ውፍረትም ይታይ። የ50 ካሊበር አፈሙዝ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉ ከዚያ ቢወፍር አፈሙዙ ላይ ተቀምጦ ይንሸራተታል፤ በጣም ቢቀጥን ደግሞ እንደ አር ኤስ ያለ ሻካራ ፍሬ ጉሮሮው ላይ ተደጋግፎ ይዘጋል። ሲዘጋ ሰው የሚያደርገው ወይ ማራገፍ ነው ወይ እፍ ማለት። እፍ አትበል። ፊትህ አፈሙዝ ላይ መሆን ስለሌለበት ብቻ ሳይሆን የትንፋሽህ እርጥበትም ባሩዱን ያጣብቀዋል። ጎኑን በጣትህ መታ መታ ብታደርገው ይወርዳል።

አጠቃቀሙን ዘርዘር ላድርገው። እምቡቶውን ወደ ጎን ገፍተህ የቱቦውን አፍ ትከፍታለህ። ከቀንዱ ባሩዱን ከአፉ በላይ ትንሽ ክምር እስኪሠራ ድረስ ታፈሳለህ። ቀንዱን ወዲያው ትከድናለህ፣ ከአካባቢህም ታርቀዋለህ። ከዚያ የቱቦውን ጎን በጥፍርህ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለህ። ክምሩ ሲሰምጥ ታየዋለህ፤ ከአፉ በታች ከወረደ ትጨምርበታለህ። ቁጥሩ ሦስትም ይሁን አምስት ለውጥ የለውም፣ ሁልጊዜ ያው መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። አሁን በአውራ ጣትህ እምቡቶውን ታዞረዋለህ። ጠርዙ አፉን ሲጠርግ የአሸዋ ዓይነት መንኮርኮር በጣትህ ይሰማሃል፤ በናስና በናስ መካከል የተያዙ ፍሬዎች ናቸው። አልሄድ ካለ አታስገድደው፣ ጥቂት መልሰህ እንደገና አዙረው። ትርፉ የሚወድቅበት ቦታ ከቀንዱም ከካፖችህም የራቀ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ ከሆንክ ወረቀት አንጥፍና የወደቀውን ሰብስብ፤ ደቅቆ ዱቄት የሆነውን ግን ወደ ዕቃው አትመልሰው።

ሚዛንህን አትጣለው፤ ሥራ አለው። አዲሱን መስፈሪያ 80 ላይ አስረህ በዚሁ ሥርዓት ደጋግመህ ስፈርና እያንዳንዱን መዝን። የምታየው ቁጥር 80 አይሆንም፣ በፓይሮዴክስ ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው የሚወድቀው። ቁጥሩ ስንት መሆኑ ሳይሆን መበታተኑ ነው የምንፈልገው። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ግሬን ገደማ ከሆነ እጅህም መስፈሪያውም ተስማምተዋል። አምስትና ስድስት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ነው፤ አንኳኩ አልተመጣጠነም ወይም ክምሩ ሳይሞላ ተጠርጓል። ሁለት ግሬን ልዩነት በኤልክ አደን ርቀት ላይ የሚያሳየው ነገር የለም። አንድ ግሬን በአረሩ ፍጥነት ላይ የሚጨምረው በሰከንድ 10 ጫማ አካባቢ ነውና ሌሊት እንቅልፍ አትጣበት። አማካዩን ክብደት ግን ጻፈው። መስፈሪያው ቢጠፋና ሌላ ብትገዛ፣ ያኛውን ልክ በአዲሱ ላይ መልሰህ የምታገኘው በዚያ ቁጥር ነው። የሁለት ፋብሪካ 90 አንድ ዓይነት 90 ላይሆን ይችላል፤ በጓደኛህ መስፈሪያ ያገኘኸውን ልክም ለአንተ መስፈሪያ አታውሰው።

ከአጋዘን ቀንድ ወይም ከቀርከሃ የተሠራ፣ ቁጥር የሌለው መስፈሪያ የሚወድ ሰው ካለ እሱም ይሠራል፣ እንዲያውም የሚበላሽ አካል የለውም። ልኩን በግምት ለማወቅ በመርፌ ሲሪንጅ ውሃ ሙላበት። 6.5 ሚሊ ሊትር ከያዘ ወደ 100 ግሬን የጥቁር ባሩድ ቦታ ነው። ከዚያ በደንብ አድርቀው።

ሦስተኛው ጥያቄህ፣ ከቀንዱ በቀጥታ። አይሆንም። ከተኮስክ በኋላ ቧንቧው ታች የጋመ ጥላሸት ወይም የጨርቅ ፍም ሊቀር ይችላል። ቀጣዩ ባሩድ ሲወርድበት ይነሳል። በመስፈሪያ እያፈሰስክ ከሆነ የሚነደው 80 ወይም 90 ግሬን ነው፤ እጅ ያቃጥላል፣ ከባድም ሊሆን ይችላል፣ ግን ያ ነው። ከቀንዱ እያፈሰስክ ከሆነ እሳቱ በጅረቱ ተመልሶ ግማሽ ፓውንድ ባሩድ የያዘ ዝግ ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ያም በእጅህ የተያዘ ቦምብ ነው። በ1933 የተመሠረተውና ኢንዲያና፣ ፍሬንድሺፕ ላይ ውድድሮቹን የሚያካሂደው የአሜሪካ ብሔራዊ የመዝል ሎደር (በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ) ማኅበር በውድድር ሜዳው ከቀንድ ወይም ከኮዳ በቀጥታ ማጉረስን የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ጫፉ ላይ ልክ ያለው የናስ ኮዳም ቢሆን ወደ መስፈሪያው እንጂ ወደ አፈሙዙ አይፈስም። የምትቆጥበው ጊዜ አሥር ሴኮንድ አይሞላም።

በመስፈሪያም ቢሆን እንዲህ አድርገው። ከተኮስክ በኋላ ጠመንጃው ትንሽ ይረፍ። እርጥብ ጨርቅ በዘንግ ስደድበት፣ ቀጥሎ ደረቅ ጨርቅ። ደረቁን ከዘለልከው ባሩዱ እርጥቡ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና የሰፈርከው በሙሉ ታች አይደርስም፤ ያ ሁሉ መጥረግ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ሰደፉን መሬት አስይዝ፣ አፈሙዙን ከፊትህ አዘንብል። ካፑ ገና አልተደረገም፤ ካፕ ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው። እምቡቶውን አፈሙዙ ላይ ስታስቀምጥ መስፈሪያውን ከጎን ያዘው፣ መዳፍህ በአፈሙዙ አናት አይለፍ። ባሩዱ ሲወርድ የቧንቧውን ጎን በመዳፍህ መታ መታ አድርገው። ከዚያ አረሩን፣ ባሩዱ ላይ ቁጭ እስኪል ድረስ ጠቅጥቀው። በአረሩና በባሩዱ መካከል ክፍተት ከቀረ ቧንቧው ሊያብጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

የጠመንጃው መጠቅጠቂያ ዘንግ ላይ ሁለት ምልክት አድርግ፤ አንዱ ጠመንጃው ባዶ ሲሆን ዘንጉ ከአፈሙዙ የሚወጣበት ልክ፣ ሌላው ልኩን ጎርሶ አረሩ ሲቀመጥ ያለው ልክ። ሜዳ ላይ ወሬ ይዞህ ሁለት ጊዜ ባሩድ ብታፈስ፣ ወይም ባሩዱን ረስተህ አረሩን ብቻ ብትጠቀጥቅ፣ መስፈሪያው አይነግርህም። ምልክቱ ግን ወዲያው ያሳብቃል። ልክህን ስትቀይር ምልክቱንም አድስ።

አሁን ስለ ኮሎራዶ። አንተ መስፈሪያ የግድ የሚያስፈልግህ በሕጉ ምክንያትም ነው። በሌላ ግዛት ያለ ጓደኛህ 50 ግሬን 50 ግሬን ሆኖ የተጨመቀ እንክብል ሁለት ጣል አድርጎ ይገላገላል። የኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ፣ የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት፣ ግን በመዝል ሎደር ወቅት እንክብል አይፈቅድም፤ ልቅ ባሩድ ብቻ ነው። ሳቦት የሚባለው የፕላስቲክ ልባስ ያለው አረርም፣ ጠመንጃው ላይ የሚገጠም ማነጣጠሪያ መነጽርም፣ ጭስ አልባ ባሩድም አይፈቀዱም። ለኤልክ ካሊበሩ ከ50 ማነስ የለበትም፣ በ50 ካሊበር አረሩም ከ170 ግሬን ማነስ የለበትም። ይህ 170 በሚዛን ነው! የአረር ግሬን እውነተኛ ክብደት ነው፣ የባሩዱን የመስፈሪያ ግሬን ከእሱ ጋር አታምታታው። ብርቱካናማ ወይም ሮዝ የሚያበራ ልብስ ቢያንስ 500 ካሬ ኢንች መልበስህንም አትርሳ። ደንቡ ስለሚሻሻል የዓመቱን መመሪያ ራስህ አንብበው።

ተራራ ላይ ግን ቀንድና መስፈሪያ ይዘህ አትንከራተት። ነፋሱ ባሩዱን ከቱቦው አፍ ላይ ይጠርገዋል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል፣ እጅህም ቀዝቅዟል። ማታ ድንኳን ውስጥ ሳይሆን ከመነሳትህ በፊት፣ ቤትህ ጠረጴዛ ላይ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት፣ በዚያው መስፈሪያ እየሰፈርክ ክዳን ባላቸው ትንንሽ ቱቦዎች ሙላቸው፤ ስፒድ ሎደር ብለው ይሸጡታል። አራት ወይም አምስት ይበቃል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ነፍጠኞችም እንዲሁ የተሰፈረ ባሩድ የያዙ የእንጨት ቀፎዎች በትከሻቸው ማንገቻ ላይ ደርድረው ነበር ወደ ጦር ሜዳ የሚወጡት። ቱቦው ላይ ልኩንና የባሩዱን ስም ጻፍበት። ወቅቱ ሲያልቅ ያልተተኮሰውን ለዓመት አታቆየው፣ ፓይሮዴክስ እርጥበት ይስባል።

ስንት ልስፈር ካልክ፣ የመጨረሻው ቃል የጠመንጃው አምራች መጽሐፍ ነው፤ እዚያ የተጻፈው ጣሪያ አይታለፍም። ከ70 ጀምር፣ 50 ያርድ ላይ ሦስት ሦስት ተኩስ፣ በ5 ወይም በ10 ከፍ አድርግ። ቀዳዳዎቹ የሚሰበሰቡበት ልክ ይመጣል፤ ብዙ የጎን መዶሻ 50 ካሊበሮች ከ80 እስከ 90 ባለው ውስጥ ይረጋጋሉ። ከዚያ በላይ ስትወጣ ቀዳዳዎቹ መበታተን ከጀመሩ ጣሪያው ገና ቢሆንም አቁም። ብዙ ባሩድና ብዙ ጉልበት የማይነጣጠሉ የሚመስላቸው አሉ፤ አጭር ቧንቧ ውስጥ ትርፉ በአፈሙዙ እሳት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ትከሻህም ይጎዳል። ያገኘኸውን ልክ የመስፈሪያው ዘንግ ላይ በቀጭን ሞረድ ጫር አድርግበት፣ ቢሱ ቢላላም በዓይንህ ታውቀዋለህ።

ጽዳቱ ብዙ አይደለም። የናሱን መስፈሪያ ከሥራ በኋላ በሙቅ ውሃ እጠበው፣ ዘንጉን ሙሉ በሙሉ አውጥተህ አድርቀው። ውስጡን ዘይት አትቀባ፤ ዘይት ባሩድ ያበላሻል፣ ፍሬም ያጣብቃል። የእምቡቶው ካስማ ከላላ በትንሹ መታ አድርጎ ማጥበቅ ይቻላል፤ ባሩድ በሌለበት ቦታና መስፈሪያው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ግን ነው። አውሮፕላን ተሳፍረህ ለአደን የምትሄድ ከሆነ የታጠበውን መስፈሪያ መያዝ ትችላለህ፤ ባሩዱና ካፑ ግን በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም አይፈቀዱምና ከደረስክበት ግዛ።

አንድ የቀረኝ ነገር የቧንቧህ ጠመዝማዛ፣ ማለትም ውስጡ ተቀርጾ አረሩን የሚያሽከረክረው ቦይ፣ ነው፤ አልጻፍክልኝም። መጽሐፉ ላይ ወይም ቧንቧው ላይ ታገኘዋለህ። 1 ዙር በ28 ወይም በ48 ኢንች ከሆነ እንደ 370 ግሬኑ ማክሲ ቦል ያለውን ሾጣጣ የእርሳስ አረር ይወረውራል፣ ለኤልክም የምመርጠው እሱን ነው። 1 ዙር በ66 ከሆነ ቧንቧው የተሠራው በጨርቅ ለሚጠቀለል ድቡልቡል አረር ነው። የ0.490 ኢንቹ ድቡልቡል 177 ግሬን ይመዝናልና የ170ውን ወሰን ለጥቂት ያልፋል። ሕጉ ቢፈቅድልህም ኤልክ ትልቅ እንስሳ ነው፤ በእሱ ከ50 ያርድ አርቀህ አትተኩስ። ከአንዱ አረር ወደ ሌላው ከተሻገርክ ደግሞ ያገኘኸውን ልክ ይዘህ አትሂድ፤ መስፈሪያውን 70 ላይ መልሰህ እሰርና ከዚያ ጀምር።